የረጅሙ ድምፅ ቀዳዳ

«ማን ነው ያለ ተራው የተነፈሰው?» አሉ መምህሩ።

መዘምራኑ ከመድረኩ ጀርባ ባለው ጠባብ መልበሻ ክፍል ተፋፍገው ቆመዋል። ሕዝቡ ገና ከወንበሩ እየተነሣ ነበር። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። መምህሩ ግን ጭብጨባ አይሰሙም፤ የሚሰሙት ጉድለት ነው።

የመጨረሻው ዜማ በአንድ ረጅም ድምፅ ያልቃል። ድምፁ ከማንም ሰው ትንፋሽ ይበልጣል። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙት ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይይዙታል። አንዷ መተንፈስ ስትፈልግ የጓደኛዋን እጅ በጣቷ ነካ ታደርጋለች። ጓደኛዋ ድምፁን ይዛ ትቆያለች፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። አድማጩ ማንም የተነፈሰ አይመስለውም። ዛሬ ግን በግራው ጫፍ ድምፁ ድንገት ተበሳ። እዚያ የቆሙት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ከሴቶቹ ዝቅተኛውን ድምፅ የያዙትም እነሱ ብቻ ናቸው።

አንዷ ምሰሶ ናት። ቁመቷን አይተው ነው ስሙን ያወጡላት። ሌላዋ ፉጨት ናት። ገና ስትገባ በልምምድ መሀል አፏጭታ ከአዳራሽ የተባረረች ጊዜ ስሙ ወጣላት።

«እሷ ናት» አለች ፉጨት። «እኔ ነካኋት፤ ግን አብራኝ ተነፈሰች።»

ሁሉም ዞረው ምሰሶን አዩዋት።

እውነቱ ሌላ ነው። ለትርዒት ከአገር ወጥተው ሁለተኛው ከተማ ሲደርሱ የፉጨት ጉሮሮ ተዘጋ። ስታወራ ደህና ናት፤ ልዘምር ስትል ግን አየር ብቻ ይወጣታል። ከመድረክ እንዳያስወርዷት ፈርታ ለምሰሶ ብቻ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ፉጨት አፏን ብቻ ትከፍታለች፤ ምሰሶ ለሁለት ትዘምራለች። ዛሬ የምሰሶ ትንፋሽ አለቀ። የሚቀበላት አልነበረም።

«ነገ ካፖርት ትጠብቂያለሽ» አሉ መምህሩ።

በየትርዒቱ አንድ ልጅ ከመድረክ ጀርባ ካፖርትና ቦርሳ ይጠብቃል። ነገ የጉዞው የመጨረሻ ትርዒት ነው። ምሰሶ ንዴት እስኪመጣባት ጠበቀች። አልመጣም። «እሺ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት በማረፊያው ምግብ ቤት ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባች ነበር። ቀብታ ጨረሰች፤ አልበላችውም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ ነው። እሷ አንደኛ ክፍል ሳለች ነበር ለሥራ ወደዚህ አገር የመጣው። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

«እቴዋ፣ ባቡር ላይ ነኝ። መድረኩ ላይ የቱ ጋ እንደምትቆሚ ንገሪኝ፤ ዓይኔ ሌላ ሰው ላይ እንዳይባክን» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስልኩን ደፋችው።

«የካፖርት ሚኒስትር!» አለ በአጠገቧ ያለፈ ወፍራም ድምፅ የሚዘምር ልጅ። «የእኔን ኪስ እንዳትፈትሺ፤ ያላጠብኩት ካልሲ ነው ያለው። ኋላ ራስሽን ስተሽ ብትወድቂ የለሁበትም!»

ጓደኞቹ ሳቁ። ፉጨት ሳቁ እስኪያልፍ ቆማ ቆየችና መጥታ ተቀመጠች።

«ተቀየምሽኝ?»

«አይ።»

«ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር፤ እናቴን! እንደዚህ ስትሆኚ ታስፈሪያለሽ።» ወንበሯን አስጠጋች። «ስሚ፣ አጠገቤ ሌላ ልጅ ካቆሙ ጉዴ ፈላ። አንቺ ካልያዝሽልኝ ወዲያው ነው የምታወቀው። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያቸው። ሁለተኛ አይለምደኝም በያቸው። ሰውዬው ይቅርታ ሲጠየቁ ወዲያው ነው የሚበርዱት፤ ታውቂያቸው የለ?»

«ለምኑ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

ፉጨት ጠረጴዛው ላይ የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ በጣቷ ለቀመች።

«ወንድምሽ ይመጣ የለ? አንቺም ትዘምሪያለሽ፣ እኔም እቆማለሁ። ማን ተጎዳ?»

ምሰሶ አሰበችው። ሂሳቡ ልክ ይመጣል። አንድ ይቅርታ ብቻ ነው የሚፈለገው። ወንድሟ ከቆመችበት ያገኛታል። መምህሩ ደግሞ ከእንግዲህ ተራ የምታፈርስ ልጅ አድርገው ያውቋታል።

«ለምን እኔን አልሽ?»

«እኔ እንጃ። ሲጠይቁ አፌ ላይ የመጣሽው አንቺ ነሽ።» ፉጨት ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ቻይ ነሽ። ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ምሰሶ ተነሣች። ያልተበላውን ዳቦ በናፕኪን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ሳህኗን ወስዳ ገንዳው ውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ደረጃውን ወጣች።

የመምህሩ በር ገርበብ ብሏል። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሻሉ።

«ግቢ። ይቅርታ ልትጠይቂ ነው?»

«አይደለም፣ መምህር።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ለራሷም ገረማት። «ያንን ረጅም ድምፅ ለየብቻችን ይስሙን። እኔንም እሷንም።»

ብሩሹ ቆመ።

«አስበሽበታል? አንዴ ከሰማሁ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ተቀባብለው የሚይዙት ሁለት ሰው ካጣሁ ዜማውን እተወዋለሁ። ምናልባት ማናችሁም ላትቆሙ ትችላላችሁ። ደግሞ ዘመድ ይመጣልኛል ብለሽ ነበር።»

«ወንድሜ ነው። መንገድ ላይ ነው።»

«እና?»

«ይስሙን።»

መምህሩ ጫማውን ወለሉ ላይ አኖሩ። «ጥሪያት» አሉ።

ፉጨት ከደረጃው ግርጌ እየጠበቀች ነበር። ስታያት ፊቷ ፈካ።

«እሺ አሉሽ አይደል? አላልኩሽም?»

«ይጠሩሻል። አንድ በአንድ ሊሰሙን ነው።»

የፉጨት ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም። ወይ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ወይ ራሳቸው ይሰሙታል።»

«በሞቴ! አሁን ምን አለበት ብታልፊኝ?» ፉጨት ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ታለቅስ ጀመር።

ምሰሶ ከላይ ሆና አየቻት። ደስ አላላትም። አላሳዘነቻትምም። ብቻዋን ተመልሳ መውጣት ትችል ነበር። ጥቅልሉን ከኪሷ አውጥታ ዳቦውን ለየችና ናፕኪኑን ለፉጨት ሰጠቻት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ስትነሺ እንሄዳለን» አለች።