ድምፅ የማትቀዳው ጭልፊት

እናቴ ስለ ጅን ማውራት ስትጀምር ሳቄን ለመደበቅ «ውሃ ልጠጣ» ብዬ የምነሣ ሰው ነበርኩ። ያደግሁት ጎንደር ከተማ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲነግዱ ከኖሩ ሰዎች ቤት ነው፣ እኛ ቤት ዓይን ያላየውና ሚዛን ያልመዘነው ነገር ሁሉ ወሬ ነው፣ በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት የሳተላይት ምስል ማንበብ ስለሆነ ጭራሽ ደረቅ ሆኜ ቀረሁ። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ አምናችሁ እንድትደነግጡልኝ አይደለም፣ እኔው ራሴ መፍቻ ስላጣሁለት ነው። ደግሞ እንደ ሌላው ሰው «በድቅድቅ ጨለማ» ብዬም አልጀምርም፣ እመኑኝ፣ የኔ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ጊዜው ድሮን ገና ብርቅ የነበረበት ነው። እኔና ሙሉቀን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ የትምህርት ክፍል እናስተምር ነበር። ሙሉቀን ማለት ተማሪ ሳለን አንድ ዶርም የኖርን፣ በአንድ ጫማ ተራ በተራ የወጣን፣ ኋላም በሰርጌ ሚዜ የሆነኝ ሰው ነው፣ ከወንድሜ ለይቼ አላየውም ነበር። የምርምሩ ኃላፊ እሱ፣ ድሮን አብራሪው እኔ። ሥራችን የመሬት መንሸራተትን ቀድሞ ማወቅ ነበር፣ አስጊውን ተዳፋት ከሳተላይት ምስል ላይ እንመርጣለን፣ ሳተላይት ግን ከዚያ ሁሉ ርቀት ሣር ውስጥ የተደበቀች ስንጥቅ አያሳይም፣ ስለዚህ ቦታው ድረስ ሄደን ድሮኗን እናስነሣለን።

ከደባርቅ ወዲያ ካለችው ከተማ፣ ከድብ ባሕር፣ ወደ ገደሉ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ጎጥ አለች። እዚያ መጀመሪያ የሄድን ቀን ድሮኗ ገና ከመሬት ከመነሣቷ የአንድ ሽማግሌ ዶሮዎች «ቅርርር» እያሉ ጫጩቶቻቸውን ሰብስበው ጎተራ ሥር ገቡ። ሽማግሌው አያ ቢራራ ይባላሉ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ነገረኛ ቀልደኛ ናቸው።

«አንት ባለጭልፊት!» አሉኝ። ስሜ ኑረዲን ነው ብላቸው ሊይዙት አልፈለጉም። «እውነት ከላይ ሁነህ የምታይ ከሆነ፣ ጣራዬ በየት በኩል እንደሚያፈስ ንገረኛ።»

የሣሩ ክዳን በጓሮ በኩል መሳሳቱን ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ዞረው አይተው መጡና «ሸጋ ጭልፊት ናት» አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ስንመጣ ከአጠገቤ አይለዩም።

ክፉው ነገር የጣራው አልነበረም። ከቤታቸው በላይ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ ስንጥቅ ምስሉ ላይ አገኘን፣ በሁለተኛው ጉዟችን ሰፋ፣ በሦስተኛው ይበልጥ ሰፋ። ክረምት ሳይገባ ይውጡ ብዬ ለመንኳቸው።

«ወጥቼ የት ልግባ?» አሉ። «ጥሎት ሄደ ብለው መሬቴን ለሌላ ይሰጡብኛል። ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣልኝ፣ ለቀበሌው አሳይቼ ምትክ እጠይቃለሁ፣ በዚያው ቀን እወጣልሃለሁ። ማኅተም የሌለው ምን ይረባኛል፣ ቆሎ ልቋጥርበት?»

«በእጄ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ ካርታውን አያያዝኩ፣ ማኅተሙን አስመታሁ። ወሩ ሰኔ ነው፣ የፈተና ወረቀት እስከ አንገቴ ድረስ ነበር፣ ሙሉቀን ደግሞ «ሐሙስ ደባርቅን አልፌ በዚያ በኩል እወርዳለሁ፣ ምን አደከመህ፣ እኔ አደርስልሃለሁ» አለኝ። ሰጠሁት። ቅዳሜ ተመልሶ «በእጃቸው ሰጠኋቸው፣ እንዴት መረቁህ መሰለህ!» አለኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ምሳ ጋበዝኩት። እሳቸው ስልክ የላቸውም፣ ቢኖራቸውም ኔትወርክ እዚያ ገደል ሥር አይደርስም፣ ስለዚህ ደውዬ ላጣራ የምችልበት መንገድ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር ማጣራትም በሐሳቤ አልመጣም።

ነሐሴ ላይ ተዳፋቱ ወረደ። አያ ቢራራን ከአፈሩ አውጥተው ከቀበሯቸው በኋላ ነው እኛ የሰማነው። አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩባቸው፣ ወረቀቱን ይዘው ያልወጡ ግትር ሽማግሌ ብዬ፣ አዎ፣ በሟች ተናደድኩ።

ዝናቡ ፋታ የሰጠ ቀን ጉዳቱን በድሮን ለመቅረጽ ከሙሉቀን ጋር ሄድን። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ቤቱ የነበረበት ቦታ ቀይ ጭቃና አንድ የተጋደመ ወይራ ብቻ ነው። ድሮኗን አስነሣሁ። ጭቃው ላይ ስትደርስ ከአጠገቤ «ቅርርር» ሲል ሰማሁ። ዶሮዎቹ ጎተራ ሥር ሲገቡ የሚያሰሙት ያ ድምፅ ነው፣ እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አልስተውም። ዞር ስል ምንም የለም፣ ዶሮዎቹም ከቤቱ ጋር ነው የተቀበሩት።

«ሰማህ?» አልኩት ሙሉቀንን።

«ምኑን?» አለ፣ ግን ወደ ማኪናው ሁለት እርምጃ ሲያፈገፍግ አየሁት።

ወዲያው ስክሪኑ ላይ፣ በሩ በነበረበት አካባቢ፣ ጋቢ የሚያህል ነጭ ነገር ታየኝ። ድሮኗን ዝቅ አደረግኋት፣ ጠፋ። ከፍ አደረግኋት፣ አለ። ሙሉቀን «ዝናብ ያጠበው ድንጋይ ነው፣ ጨርስና እንሂድ» አለኝ፣ እኔም ድንጋይ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አሁን ልብ በሉልኝ። የኛ ድሮን ድምፅ አትቀዳም። ማይክሮፎን የላትም፣ ቢኖራትስ ከራሷ ጩኸት በቀር ምን ልትሰማ፣ ስለዚህ ቪዲዮዎቻችን በሙሉ ዲዳ ናቸው።

ጎንደር ስንገባ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ቢሮ ገብቼ የዕለቱን ቪዲዮ ከፈትኩ፣ ሙሉቀን ጀርባውን ሰጥቶኝ ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ ይሰካል። በመጀመሪያ «ሽሽሽ» የሚል ነገር መጣ፣ የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ነው ብዬ ናቅሁት። ቀጥሎ ዶሮዎቹ። ነጩ ነገር ብቅ ሲል ደግሞ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ ምንም ቁጣ የሌለበት፣ ጎረቤት በአጥር ላይ እንደሚጣራው ያለ ድምፅ፦

«አንት ባለጭልፊት፣ ወረቀቱ ምነው ቀረ?»

እኔ ቪዲዮውን ለማቆም እጄን ወደ ኪቦርዱ ሰደድኩ። ሙሉቀን ግን ሳይዞር፣ እጁ ባትሪው ላይ እንዳለ፣ ቢሮ የገባ ባለጉዳይ የጠየቀው ይመስል መለሰ።

«መሳቢያ ውስጥ ነው።»

ከዚያ ዞረ። ተያየን። ተነሥቼ የእሱን ጠረጴዛ መሳቢያ ሳብኩት፣ ፖስታው እንደታሸገ፣ የኔ የእጅ ጽሑፍ ከላዩ ላይ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«በእጃቸው ሰጠኋቸው አላልከኝም? መረቁህ አላልከኝም?»

«ቢደርሳቸውስ ይወጡ ነበር?» አለኝ። «ደግሞ እኔ አፈሩን አልገፋሁት!»

የኮምፒውተሩን የሥራ ማኅደር ከፈትኩ። ውስጡ ካሉት ማኅደሮች አንዱ «በፊት» ይላል፣ አንዱ «በኋላ» ይላል፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናስቀምጠው። «በኋላ» የሚለው የተፈጠረበትን ቀን አየሁት። ሰኔ። ደብዳቤውን በሰጠሁት ሳምንት፣ ሙሉቀን ባዶውን ማኅደር ከፍቶ፣ ሁለት ወር ሙሉ የአንድ ሰው ቤት እስኪወድቅ ሲጠብቅ ነበር፣ ሽማግሌው ከወጡ ቤታቸውን አፍርሰው እንጨቱን ይወስዳሉ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ከመውደቁ በፊትና በኋላ የሚያሳይ ጥናት ደግሞ አጥኚውን ስመ ጥር ያደርጋላ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፣ መውደቁ እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። ይበልጥ ያንገበገበኝ ምርቃቱ ነው፣ እሳቸው ያልመረቁኝን ምርቃት ከራሱ ፈጥሮ፣ እኔም ምሳ ጋብዤበት።

ቪዲዮውን በማግሥቱ ባለሙያ አሳየሁ። «እዚህ ፋይል ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፣ የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ የለም» አለኝ። ደጋግሜ ከፈትኩት፣ ዲዳ ነው። ሙሉቀን እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልሰማሁም ይላል። አልሰማሁም የሚል ሰው ምን ሲመልስ ነበር?

ፖስታውን ይዤ ወደ አያ ቢራራ ልጅ ሄድኩ። እናትነሽ ትባላለች፣ ድብ ባሕር መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። ማንበብ አትችልም፣ ወረቀቱን ገለበጠችውና ሰማያዊውን ክብ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ማኅተሙ ይህ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ አባቴ ይወጣ ነበር» አለች፣ ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝና ደግሞ፣ «ባለጭልፊቱ በእጄ አመጣለሁ ብሎኛል እያለ፣ ማኪና በመጣ ቁጥር እየወረደ እዚህ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። ምነው፣ ባለጭልፊቱ አንተ ነህ?»

መንገዱን ሙሉ ስለ ሙሉቀን ክህደት ምን ብዬ እንደምነግራት ሳሰላስል ነበር የመጣሁት። እሷ ግን ሙሉቀን የሚባል ሰው አታውቅም፣ አባቷም በቅጡ አያውቁትም ነበር፣ ቃል የገባሁት እኔ፣ ያ ድምፅም የጠራው እኔን ነው።

«እኔ ኑረዲን እባላለሁ» አልኳት፣ አዎ ማለቱን ሸሽቼ።

አፌን ሳልዘጋ ከጓሮዋ «ቅርርር» ሲል ሰማሁ፣ ዶሮዎቿ ክንፋቸውን እየመቱ መጥተው በእግሯ ሥር ተሸጎጡ። ሁለታችንም ቀና አልን። ሰማዩ ላይ አንዲት ወፍ እንኳ የለችም፣ ድሮኗ ደግሞ ጎንደር፣ ሣጥኗ ውስጥ ተቆልፎባታል።