ስሙ የማይጠራው ቃሬዛ ተሸካሚ

በጣሊያኗ ሳራኖ ከተማ ውስጥ የዚያን ልጅ ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። «እሱ» ይሉታል፣ «ያ ሰውዬ» ይሉታል። መንገድ ላይ ድንገት ካገኙት ወንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቁልፍ ይጨብጣሉ። ብረት መንካት ክፉ ዕድልን ይመልሳል። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር ቄሱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ጨዋታ ባለበት ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ከእጃቸው አይለዩም።

ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ቃሬዛ መሸከሙ! የአምቡላንስ ሠራተኛ ነው። ጨዋታ ሲኖር ቃሬዛውን ይዞ የሜዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያ ቀኑ የአጥቂው የሉፖሊ ጉልበት ዞረ። በሁለተኛው የበረኛው ትከሻ ወለቀ። በሦስተኛው ማንም አልተጎዳም፣ ግን አራት ለዜሮ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያማ አለቀለት፤ እግሩ ደረቅ ነው ተባለ። የወደቀ የሚያነሳውን ልጅ እሱ ነው የሚጥለን አሉት።

አሱንታ ግን ስሙን ታውቃለች። ካታልዶ ይባላል።

አሱንታ የሳራኖ ክለብ ማልያ አጣቢ ናት። ክፍሏ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ነው፤ ያለችው አንዲት መስኮት ከሳሩ እኩል ስለሆነች በእሷ በኩል የሚታየው የተጫዋቾች እግር ብቻ ነው። አባቷ ኦሮንዞ የሜዳው ሳር ጠባቂ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለው ልጁና ሳሩ ናቸው፤ ከሁለቱ ማንን እንደሚያስበልጥ ግን ባትጠይቁት ይሻላል።

ሉፖሊ የተጎዳ ዕለት በሩ ተንኳኳ። አንድ ረዥም ልጅ በደም የተበከለ ማልያ ይዞ ቆሟል።

«ይኼን የማስረክበው ለማን ነው?»

«ለእኔ ነው። እግዜር ይማረው፣ እንዲህ ደማ?»

«የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ሕመሙ ሲጠናበት እጄን ነከሰኝ።»

ሳቋ አመለጣት። እጁን ስባ ከቧንቧው ሥር አደረገችና በዚያው በማልያው ሳሙና አጠበችለት። እሱ ያያታል። ቁስሉ ከታጠበ ቆይቷል፣ እጁን ግን ማንም አልለቀቀም።

በዚያ ዓመት ሳራኖ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ይጫወት ነበር። ጥሎ ማለፍ ነው፤ በደርሶ መልስ ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል። ትንሿ ክለብ እንደምንም ብላ አሥራ ስድስት ውስጥ ስትገባ ከተማው በደስታ አበደ። ይኸኔ ነው ፀጉር አስተካካዩ የኦሮንዞን ጢም እየላጨ ወሬውን ሹክ ያለው።

ኦሮንዞ በግማሽ የተላጨ ፊቱን ይዞ፣ ከወገቡ የማይለየውን የቁልፍ ዘለላ እንደጨበጠ ማጠቢያ ክፍል ገባ።

«አንቺ! ከእሱ ጋር ነው የምትታዪው?»

«ስም አለው እኮ አባዬ።»

«እንዳትጠሪው! ዋንጫው እስኪያልቅ ቤቴ ድርሽ እንዳይል፣ ሜዳውንም እንዳይረግጥ። ለክለቡ ፕሬዝዳንትም ነግሬ ሌላ ቃሬዛ ተሸካሚ ተተክቷል። ከዋንጫው በኋላ እንነጋገራለን።»

«ታዲያ እናንተ ባለፋችሁ ቁጥር እኔ ያለ እሱ ልቀመጥ ነዋ!»

ኦሮንዞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳር አጭጃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ነው የመጣልኝ።»

ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር። አሱንታ አባቷን ትወዳለች፣ ሳራኖንም ትወዳለች። በልቧ ግን እምቢ አለች።

ከስኮትላንዶቹ ጋር የመልሱ ጨዋታ ቀን፣ የቆሸሸ ልብስ የሚገባበትን የኋላ በር ከፈተች። ካታልዶ ጆንያ ተሸክሞ ገባ።

«አባትሽ ቢያገኘኝስ?»

«እዚህ ክፍል ውስጥ እኔ ነኝ አዛዧ። ና፣ ጎንበስ በል።»

በመስኮቷ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው እግር አዩ። ጎል መግባቱን የሚያውቁት ከላያቸው ሕዝቡ ሲረግጥና ከጣሪያው አቧራ ሲረግፍ ነው። ሁለት ጊዜ ረገፈ። ሳራኖ አለፈች፣ አሱንታም ማልያዎቹን እንደገና አጠበች። በሩብ ፍጻሜው ከቤልጅጎቹ ጋር እስከ ፍጹም ቅጣት ምት ተደረሰ። እጇን እንደያዘ ምቶቹን በጩኸቱ ቆጠሩ። በመጨረሻው ምት ጣሪያው የሚወርድ መሰለ።

«አየህ! እግርህ እኮ እርጥብ ነው!» አለችው አንገቱ ላይ ተጠምጥማ።

ካታልዶ አልሳቀም።

«እርጥብም ደረቅም አይደለም። እግር ነው።» ከዚያም፣ «ቦሎኛ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ደብዳቤው ትናንት ደረሰኝ» አላት። «እዚያ ሰዎች በስሜ ይጠሩኛል።»

«እኔስ?»

«አንቺን ያለ ልክ ነው የምወድሽ። ግን በቆሸሸ ልብስ በር እየገባሁ አላረጅም አሱንታ። ወይ በዋናው በር አስገቢኝ፣ ወይ ልሂድ።»

ያን ዕለት እስኪመሽ ሠራች። ማልያዎቹን አሰጣች፣ አወረደች፣ ተኮሰች። እሱን ብታስገባና ሳራኖ ብትሸነፍ አባቷ ዕድሜ ልኩን ይቅር አይላትም። ባታስገባው ደግሞ ልጁ ይሄዳል። ሲነጋ ለካታልዶ «ለግማሽ ፍጻሜው የመልስ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዋናው በር» ብላ ላከችበት።

ግማሽ ፍጻሜው ከጀርመኖች ጋር ነበር፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ በጀርመን አንድ እኩል ወጥተዋል። የሳራኖ ሜዳ ፓውዛ ስለሌለው ጨዋታው በጠራራ ፀሐይ ነው። አሱንታ ማጠቢያ ክፍሉን ቆልፋ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ካታልዶን እጁን ይዛ መጣች። በር ጠባቂው ክው አለ።

«አብደሻል? እሱን ይዘሽ?»

«ትኬት አለው፣ አለኝ። ቁረጥ።»

ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለላቸው። ወንዶቹ ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ቁልፍ ያልያዙት ደግሞ የደረጃውን ብረት ታቅፈው ተገላገሉ። አሱንታ አንገቷን ቀና አድርጋ ፊት ለፊት ካለው ረድፍ ተቀመጠች። ካታልዶም እጁን ከእጇ አላወጣም።

ኦሮንዞ ከሜዳው ጠርዝ አያቸውና ሮጦ መጣ።

«በእናትሽ ነፍስ! ዛሬን ብቻ! ነገ አምጪውና አብረን እንበላለን።»

«ዛሬ ካልሆነ ነገ የለም አባዬ። ሊሄድብኝ ነው።»

«ብንሸነፍስ?»

«ብንሸነፍ ተሸነፍን ነዋ!»

ኦሮንዞ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ተመልሶ ቁልፎቹን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ።

ሳራኖ መጀመሪያ አገባች፤ ለአንድ ሰዓት ያህልም ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ከዚያ ጀርመኖቹ አቻ አደረጉ። ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛውን አገቡ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ፣ «አውጡት ያንን ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። የብርቱካን ልጣጭ መጥቶ የካታልዶ ትከሻ ላይ አረፈ። የዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ማንም ወደ ሜዳው አላየም፤ ሁሉም ወደ ሁለቱ ዞሯል።

አሱንታ መቀመጫው ላይ ወጥታ ቆመች።

«ካታልዶ ይባላል! ካታልዶ! ስሙን ተለማመዱት! ስኮትላንዶቹን ስንጥል ከእግራችሁ ሥር፣ ማጠቢያ ክፍሌ ውስጥ ነበር። ቤልጅጎቹን ስንጥልም እዚያው ነበር፣ እጄን ይዞ! ያኔ ደረቅ እግሩ የት ሄዶ ነው? ዛሬ የተሸነፍነው ጀርመኖቹ ስለበለጡን ነው። ብረት መንካት ካማራችሁ ሂዱና በእነሱ ላይ ንኩ!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ንድድ ብሎት፣ «ታዲያ ምን አወጣሽው? እዚያው አትተዪውም ነበር!» አላት።

«እውነት እኮ ነው! ለከርሞ መልሺው!» አሉ ሌሎቹ። ቅድም ልጣጭ የወረወረው ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ።

«አልመልሰውም! እናንተ እንድታሸንፉ ባሌን ከቆሻሻ ልብስ ጋር አልቆልፍበትም!»

ካታልዶ ጆሮው እስኪቀላ ደነገጠ። «ባል አልሽ?»

«አልኩ። እምቢ ልትል ነው?»

«እምቢ የምለውስ ቦሎኛን ነው» አለና ከመቀመጫው ላይ አቅፎ አወረዳት።

ሕዝቡ እያጉረመረመ ወጣ። ኦሮንዞ ብቻውን የጎሉን መረብ ያወርድ ነበር። ማሸነፍም ሆነ መሸነፍ መረብ ይወርዳል፣ ሳር ውሃ ይጠጣል። ሁለቱ መጥተው ከኋላው ቆሙ። ዞር ብሎ አላያቸውም።

«ሁለቱንም ጊዜ?» አለ።

«ሁለቱንም» አለች አሱንታ።

«እኔ እላይ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እሱ ከሥሬ?»

«ከሥርህ፣ አባዬ።»

ኦሮንዞ መዳፉን ዘርግቶ አየው። ሙሉ ጨዋታውን ሲጨብጥ የዋለው የቁልፍ ጥርስ አትሞበታል፣ አንዱ ቦታማ ደምቷል። ካታልዶ መሃረቡን አወጣና እጁን አሰረለት። ኦሮንዞ እጁን አልነጠቀም። አስሮ እስኪጨርስ ጠበቀና ዘለላውን ከወገቡ ፈትቶ ወረወረለት።

«ካታልዶ፣ መጋዘኑን ክፈትና መሰላሉን አምጣ። መረቡ ከላይ ተይዟል።»

በአጥሩ ጥግ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ደንግጠው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ኦሮንዞም እጁ በልማዱ ወደ ወገቡ ሄደ፤ የሚጨበጥ ነገር ግን አላገኘም።

«የትኛው ነው ቁልፉ?» አለ ካታልዶ።

«ትልቁ ነው። ደግሞ እንደኛ ጨብጠኸው እንዳትቆም፣ ክፈትበት።»