አሥራ ሦስተኛው ቻናል

ሉቢንዳ የሞተው የእናቱ ቤት ጣሪያ ላይ፣ ከራሱ የዋይፋይ ምሰሶ ሥር ነው። የዛምቢያዋ ከተማ የሞንጉ ግማሽ ሰፈር ኢንተርኔት የሚያገኘው በእሱ በኩል ስለነበር ሬሳው ሳይወርድ ወሬው ገበያ ደርሶ ተመልሷል። ማጅራቱን በብሎን መፍቻ ተመትቷል፤ መፍቻው ደግሞ የሠራተኛው የኩፉና ነው። ለሰው ይሄ በቂ ሆነ። ኢንስፔክተር ሙቱምባ ስትደርስ የሟች ዘመዶች ኩፉናን ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀምጠው፣ ዱላ ይዘው ከበውታል።

«ለኛ ተዪልን» አሏት እናትየው ማ ኖሲኩ። «የልጄን ደም የምበቀለው እኔ ነኝ። ገዳዩን ሳላይ እህል አልቀምስም።»

«ያዩታል፣ ማ። እስከዚያ ግን ይሄን ልጅ ማንም እንዳይነካብኝ።»

ሙቱምባ ቸኩላ የማትፈርድ፣ የሚዋሻት ሰው ግን ደሟን የሚያፈላው ሴት ናት። መጀመሪያ ኩፉናን ጠየቀችው።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል። የማሠራጫውን ጉልበት ቀንስ፣ መንግሥት ይይዘናል ብዬ ስጨቀጭቀው ከጣሪያ እወረውርሃለሁ አለኝ።»

«ከሕጉ በላይ ነበር?»

«እዚህ ከተማ ማን ያላደረገው አለ? ማሽኑ አገርህ የት ነው ሲልህ አሜሪካ ትለዋለህ። እዚያ ስለሚፈቀድ አሥር እጥፍ ይጮኻል።»

«ዛሬስ?»

«ከቁርስ በፊት ስደርስ ማሽኑን ራሱ ነካክቶ ጨርሷል። አንቴናውን ላዙር ብሎ መፍቻዬን ተቀበለኝና ገመድ ግዛ ብሎ ላከኝ። ስመለስ ሞቷል።»

የሟች ሚስት ኢኖንጌ ጠዋቱን ከጎረቤቶቿ ጋር ገበያ ነበረች። «ማታ እራቱን እንኳ በቅጡ አልበላም» አለች። «ነገ ማሽኑ ላይ የማስተካክለው ነገር አለ አለኝ፤ ሌላ ምንም አልነገረኝም።»

ታላቅ ወንድሙ አካፔልዋ ከአሜሪካ ተመልሶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ቤቱ የራሱን ዋይፋይ ዘርግቶ የከሰረ ሰው ነው። ቂሙን አልደበቀም።

«እኔ የማሠራጨው በስድስተኛው ቻናል፣ በስድስተኛው የአየር መስመር ነበር። እሱም እዚያው መጥቶ ተኛብኝ፤ የእናቴ ልጅ። በእሱ ጩኸት ደንበኞቼ አንድ በአንድ ጥለውኝ ሄዱ። ግን ሰው አልገድልም።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ታች፣ እናቴ ጓዳ። ከቁርስ ጀምሮ በእሱ ዋይፋይ በኮምፒውተሬ ስጻጻፍ ነበር።»

«አልተቋረጠብዎትም?»

«ለደቂቃ እንኳ።»

ሙቱምባ ጣሪያው ላይ ወጣች። አንቴናው ጀርባውን ለአካፔልዋ ቤት ሰጥቷል። ከዚያ ኩፉና የማሽኑን ገጽ ከፈተላት፦ አገር ዛምቢያ፣ ቻናል አሥራ ሦስት። አንገቷን ነቅንቃ ወረደችና ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ስልካችሁን አውጡ። የሉቢንዳ ዋይፋይ ይታያችኋል?»

ለሁሉም ታየ።

«አካፔልዋ፣ ኮምፒውተርዎን ይክፈቱ።»

የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ተደረደረ። የሉቢንዳ የለም።

«ተበላሽቶ ይሆናላ» አለ።

«አልተበላሸም። ኮምፒውተሩን አሜሪካ ነው የገዙት። እዚያ ከአሥራ አንድ በላይ ያለውን ቻናል ለዋይፋይ አይጠቀሙበትም፤ ስለዚህ ኮምፒውተርዎ አሥራ ሦስትን ፈልጎም አያገኘውም። እኛ አገር ግን ይፈቀዳል፤ ወንድምዎ ዛሬ ከቁርስ በፊት ወደዚያ ዞሯል። በማያዩት ዋይፋይ እንዴት ተጻጻፉ?»

«አይሆንም። የሱ ማሽን አሜሪካ ተብሎ ነው የተሞላው። አሜሪካ ከተባለ አሥራ ሦስት አይገኝም።»

«እሱን ተማምነህ ነው የዋሸኸኝ» አለች ሙቱምባ፤ አንቱታው ቀርቷል። «ዛሬ ጠዋት ዛምቢያ ብሎ መለሰው። ጉልበቱም ሕጉ እስከሚፈቅደው ወረደ።»

«ለምን ብሎ?»

«ስድስተኛውን ሊለቅልህ ነዋ። ጣሪያው ላይ የወጣውም አንቴናውን ከቤትህ ሊያዞርልህ ነው። አንተ ግን ጉልበቱን ሊጨምርብህ የወጣ መሰለህ። መፍቻውን አጠገቡ አገኘኸው።»

አካፔልዋ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ለምን አልነገረኝም?» አለ። «አንድ ቃል ቢነግረኝ እኔ እጄን አነሳበት ነበር?»

ዱላ የያዙት ሁሉ ወደ ማ ኖሲኩ ዞሩ። ምን ይበሉ? ከጠዋት ጀምሮ ደም ሲሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

አሮጊቷ አካፔልዋ ፊት ቆሙ። «ዱላውን ጣሉት» አሉ። «ማንም እንዳይነካው። ዕድሜ ይስጠው። በነጋ ቁጥር ወንድሙ ጣሪያው ላይ ለምን እንደወጣ እያሰበ ይኑር። የኔ በቀል ይሄ ነው።»

ሙቱምባ ካቴናውን አወጣች። አካፔልዋ «እማ» ብሎ ጠራቸው። ማ ኖሲኩ ኩፉናን እጁን ይዘው ካስነሱት በኋላ ሬሳው ወዳለበት ክፍል ገቡና በሩን ዘጉት።