ወንድሜ ያልጻፈው መጽሐፍ

ይሄ ነገር ሆኗል። ህልም አይደለም፣ ትኩሳትም አልነበረብኝም።

ቦታው ኮልካታ፣ የእናቴ ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ መቀየም ከተውኩ ቆየሁ።

ማንዲራ እባላለሁ። መጽሐፍ ሻጭ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ዲፑ ደግሞ ደራሲ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ መርማሪ ያለበትን ዘጠኝ ቅጽ ልቦለድ ጽፏል።

መርማሪው ማንበብ ይወዳል። ከሚያነባቸው ግማሹ እውነተኛ መጽሐፍ ነው፣ እኔ ከሱቄ ለዲፑ የማመጣለት። ግማሹን ዲፑ ራሱ ነው የፈጠረው። ርዕስ ይሰጠዋል እንጂ መጽሐፉ የትም የለም።

ከነዚያ አንዱ "የኩሬው ዳር ቤት" ይባላል። በልቦለዱ ውስጥ፣ የዚያን መጽሐፍ የመጨረሻ መስመር ያነበበ ሰው የገዛ ቤተሰቡ ይረሳዋል። አይሞትም። አያውቁትም፣ በቃ።

እንግዲህ የሳራስዋቲ በዓል ነበር፣ የእውቀት እንስት አምላካችን። በዚያን ቀን መጽሐፎቻችንን ከምስሏ እግር ስር እንደረድራለን፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ማንም አያነብም። ዲፑ እንኳን በአምላክ አያምንም። ግን በልጅነታችን "ካነበባችሁ ፈተና ትወድቃላችሁ" ስለተባልን፣ እስከዚህ ዕድሜው ደፍሮ አያውቅም።

እናቴ መጽሐፍ ስትሰበስብ አንድ ሽፋኑ ቀይ የሆነ ይዛ መጣች።

"ይሄ የማነው? ከዲፑ መደርደሪያ ነው ያነሳሁት።"

ርዕሱን አየሁት...

የኩሬው ዳር ቤት።

የአሳታሚ ስም የለውም። ዋጋም የለውም። የዲፑ መጽሐፎች ሁሉ አቧራ ጠጥተዋል፣ እሱ ብቻ ንጹህ ነው።

"ደግሞ የምን ቀልድ ነው?" አልኩት ዲፑን። "በድብቅ አሳተምከው እንዴ?"

ፊቱ አመድ መስሏል። "ዲዲ... ከርዕሱ ሌላ አንድ ቃል አልጻፍኩም።" ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ዲዲ ነው የሚለኝ።

እናቴ ተሰላቸች። "ሳራስዋቲ እግር ስር አድርጉት። ዛሬ ማን ይነካዋል? ነገ ታስቡበታላችሁ።"

እውነቷን ነው አልኩ። ለዛሬ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አልነበረም። ከወፋፍራሞቹ መጽሐፎች ስር ከተትኩት።

ውሃ ጠጥቼ ስመለስ... ከላይ ነው።

ማን እንዳነሳው አልጠየቅኩም። መልሼ ከስር ከተትኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤቱ ጭር አለ። እናቴ ወጥ ቤት ሩዝና ምስሩን ታማስላለች። እኔ ሳሎን ስገባ ዲፑ ከምስሏ ፊት ተቀምጧል። መጽሐፉ ጉልበቱ ላይ ተገልጧል።

"ዲፑ... ዝጋው።"

"ስለኛ ቤት ነው የሚያወራው።" ቀና ብሎም አላየኝ።

"ዝጋው አልኩህ።"

"እማዬ ጨው ረስታለች። አሁን ትዝ ይላታል... እዚህ ተጽፏል።"

ከወጥ ቤት የእናቴ ድምፅ መጣ። "ወይኔ፣ ጨው ረሳሁ።"

ጠጋ አልኩት።

"ስንት ገጽ ቀረህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ይሄ የመጨረሻው ነው።"

ያኔ ነው የፈራሁት። ስለራሴ አልነበረም። ይሄ ልጅ ከኛ ሌላ ማን አለው? እኔም ብረሳው፣ እንደረሳሁት እንኳ አላውቅም። እጁን ያዝኩት፣ በረዶ ነው። መጽሐፉን ሊለቅ አልፈለገም።

ነጠቅኩት።

ገጹ ወደኔ ዞረ። ልዘጋው ስል ዓይኔ ቀደመኝ... ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ እህትየው ነጠቀችው።

ዲፑ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ዓይኑን አሸ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። ተረፈልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይቅርታ... እርስዎ ማን ነዎት?"

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች። "እንግዳ አለ እንዴ? ቁጭ በይ ልጄ። በበዓል ቀንማ ሳትቀምሺ አትሄጂም።"

የእንግዳውን ሳህን አውጥታ አቀረበችልኝ።

በላሁ። ምን ላድርግ? አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። "እጅዎ ይባረክ" ብዬ ወጣሁ።

አሁን ተከራይቼ እኖራለሁ። ዲፑን እናቱ ታውቀዋለች፣ ያ ይበቃኛል እላለሁ። አንዳንድ ቀን እውነት ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሰፈር ሳልፍ መስኮታቸው ክፍት ነበር። ዲፑ ሻይ ይዟል። እናቴ የአንዲት ሴት ፀጉር እየጎነጎነች ነው። ሴትየዋ በኔ ዕድሜ ትሆናለች።

"ዲዲ፣ ስኳር አቀብዪኝ" አላት ወንድሜ።

አቀበለችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ አየችኝ። አልደነገጠችም።

ተነስታ መጋረጃውን ጋረደችው።