የታችኛው ቧንቧ

ምዋንጋላ የትናንቱን የበቆሎ ገንፎ በጣቷ ዛቅ አድርጋ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ከምድጃው ሥርም አመድ ቆንጥራ በላዩ ነሰነሰችበት። ልጇ ኢኖንጌ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። ቁርስ አልቀመሰችም።

«እማ፣ ያስጠላል።»

«ማስጠላት አለበት እኮ» አለች እናቷ በተሰነጠቀችው መስታወት ውስጥ እያየቻት። «ነይ እስቲ ፀጉሬ ላይ ጨምሪልኝ፤ ከኋላ አይታየኝም።»

«እኔ? አልነካውም!»

«ማታ በእጅሽ እየጠቀለልሽ የበላሽው ገንፎ ነው። ሌሊቱን ምን ተገኘበት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኢኖንጌ ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ያስጠላት ገንፎው ብቻ አልነበረም።

በወታደር ካምፕ ውስጥ የሚስት ስም የባሏ ማዕረግ ነው። ምዋንጋላን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «የሳጅኑ ሚስት» ናት። ሳጅኑ ደግሞ ለሰላም ማስከበር ወደ መካከለኛው አፍሪካ፣ ባንጊ፣ ከሄደ ቆይቷል። እሷን ደግፎ ያቆማት ቴአትሯ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በካምፑ የታችኛው ረድፍ ቤቶች የሚኖሩ ሴቶችን ማንጎው ሥር ትሰበስባለች። ደመወዙን ጠጥቶ የሚገባውን ባል፣ ንብረቷን የተቀማችውን መበለት፣ ከትምህርት ቤት የቀረችውን ልጅ ይጫወታሉ። ቃል ስታጠና ወጥ ያርራል። የባሏ አሮጌ ቦት ጫማ፣ የተቀደደ ዣንጥላ፣ ከጨርቅ የተሠራ ሕፃን፣ ሁሉም አልጋዋ ሥር ነው። ቤቱ የሰው ቤት አይመስልም።

የምዋንጋላ ቴአትር አንድ ልማድ አለው። ነገሩ እጅግ ሲበላሽ ታጨበጭብና እንደ ሰልፍ አዛዥ «ቁም!» ትላለች። ተዋናዮቹ ባሉበት ድርቅ ይላሉ። ከዚያ ወደ ተመልካቹ ዞራ፣ «እዚህ ጋ ምን ተበላሸ? ማን ገብቶ ያቃናው?» ብላ ትጠይቃለች። የፈለገ ሰው ይገባል፣ የፈለገውን ያደርጋል። የገባን ሰው ማስወጣት የለም፤ ተዋናዮቹ እሱ ያመጣውን ይዘው መቀጠል አለባቸው። አንድ ጊዜ ሞቅ ያለው አስር አለቃ ገብቶ መበለቲቱን ለትዳር ጠየቃትና ያ ሁሉ የለቅሶ ቴአትር በሠርግ ዘፈን አለቀ። ሳቁ ሳምንቱን ሙሉ አልበረደም።

የሰሞኑ ቴአትር ስለ ቦዩ ነበር። ከመኮንኖች ክበብ የሚወጣው እጣቢና ፍሳሽ ሁሉ ክዳን በሌለው ቦይ ቁልቁል ወርዶ ከታችኛው ረድፍ ቤቶች ጓሮ ይተኛል። የታችኛው ቧንቧ መስመር የሚያልፈው በዚያው ቦይ ውስጥ ነው፤ ተሰንጥቋል ይባላል። ውሃው ቢጫ ሆኖ ይወርዳል፣ የከረመ እንቁላል ይሸታል። ኢኖንጌ ሁልጊዜ ስትቀዳ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ታዞራለች። የጎረቤታቸው ልጅ ቺሌሼ ገና መሮጥ መጀመሩ ነው። ያንን ውሃ ጠጥቶ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ክሊኒክ ከገባ ሰነበተ፤ በዚያች በማታህል ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ምዋንጋላ ይህንን ከዋና ከተማዋ ከሉሳካ ካምፑን ሊጎበኙ በሚመጡት እንግዶች ፊት ልትጫወተው ነበር።

ነገሩን የሰሙት የካምፑ አዛዥ ሚስት፣ ማዳም ካሶንዴ፣ እነ ምዋንጋላ ቤት ድረስ መጡ። መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ቴአትርሽን እወድልሻለሁ» አሉ። «ግን እህቴ፣ ለእንግዳ ገመና አይዘረገፍም። ቦዩን ተይው። እጇን የማትታጠብ አንዲት ዝርክርክ ሴት አድርጊው፣ ሰውም ይስቃል። መጨረሻ ላይ ‹ማን ያቃናው› ስትይ እኔ እነሣና አስታጥብሻለሁ። ውሃው ፎቶ ላይ ጥርት ብሎ እንዲታይ የመስታወት ጆግ እልክልሻለሁ።» ከዚያ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ በሩን አዩት። «ባልሽ መቼ ነው የሚመለሰው? ቤቱ በእሱ ስም ነው አይደል? ሰው ሲዘዋወር ቤትም ይዘዋወራል መቼም።»

«እሺ ማዳም» አለች ምዋንጋላ። ደግሞም ሳቀች።

ኢኖንጌን እስከ ዛሬ አልዋጥልሽ ያለቻት ያቺ ሳቅ ነበረች። ወሬው ወዲያው ትምህርት ቤት ደረሰ። የካምፑ ንብረት ኃላፊ ልጅ ቡፔ በክፍሉ ፊት፣ «እናትሽ አሳማ ሆና ልትተውን ነው አሉ። ሜካፕ መቼም አያስፈልጋት!» ብላ ሙድ ያዘችባት።

አሁን ጆጉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያብረቀርቃል።

«ቺሌሼ የታመመው እናቱ እጇን ስላልታጠበች ነው?» አለች ኢኖንጌ።

እናቷ ዓይኗን አሸች። አመዱ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ንገሪኛ! ሼም ነው እማ። የነሱን ቆሻሻ በራስሽ ፊት ላይ ለጥፈሽ ልታስቂያቸው!»

«ቀስ በይ፣ ግድግዳው ስስ ነው» አለች ምዋንጋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባትሽ ሲመጣ የሚገባው እዚህ ቤት ነው። ቢያስወጡን የት አባቴ ላስገባሽ? ቴአትሩንስ ቢከለክሉኝ? እዚህ ግቢ ውስጥ እኔ ሌላ ምን አለኝ?» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ጆጉን ከላይኛው፣ ከመኮንኖቹ ቧንቧ ሞልተሽ ሜዳው ላይ ጠብቂኝ። እባክሽ። ደግሞ ሹራብ ልበሺ፣ ይነፍሳል።»

ኢኖንጌ ሹራቡን ትታ ጆጉን ብቻ ይዛ ወጣች።

ሜዳው ከሁለቱ ረድፎች መሐል ነው። ወደ ላይ የመኮንኖች ክበብ አጥርና ንጹሑ ቧንቧ፣ ወደ ታች ደግሞ የነሱ ቧንቧ፤ ሁለቱም ከሜዳው ይታያሉ። አቀማመጡ እንደ ወትሮው ነበር። የመኮንን ሚስቶችና እንግዶቹ ድንኳን ሥር ወንበር ላይ፣ የሳጅን ሚስቶች አግዳሚ ላይ፣ የተራ ወታደር ሚስቶች ልጆቻቸውን አቅፈው መሬት ላይ። ኢኖንጌ ከድንኳኑ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ጆጉ ጭኗ ላይ ነው፤ ባዶውን። ወደ ላይኛው ቧንቧ ሁለቴ ተነሥታ ሁለቴ ተመልሳለች። እግሯ እምቢ አላት።

እናቷ ገባች። ፀጉሯን እያከከች፣ የጨርቁን ሕፃን ቂጥ በእጇ ጠርጋ በዚያው እጅ ገንፎ ጠቅልላ ጎረሰች። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ከሉሳካ የመጡ አንዲት ሴትዮ በሳቅ እንባቸውን ያብሳሉ። ማዳም ካሶንዴ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ «ምን ያድርጉ፣ እንዲህ ናቸው እኮ። መክረን መክረን ሰለቸን» ሲሉ ኢኖንጌ ሰማች።

ቀጥላ የቺሌሼ እናት ገባች፤ የጎረቤት ሴት ሆና ነው የምትጫወተው። የተሰጣት ቃል «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ታሟል እኮ!» የሚል ነበር። የጨርቁን ሕፃን አንሥታ አቀፈችው። «ልጅሽ…» አለችና ድምጿ ተሰበረ። «ልጄ ታሟል። ልጄ ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ አለው…» ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ድንኳኑ ሥር ያሉት ሳቁ። «አቤት ስታስመስል!» አለ አንዱ።

ኢኖንጌ ወደ ድንኳኑ ዞረች። ገንፎውም አመዱም አሁን ምንም አልመሰላት። ያቅለሸለሻት እነዚያ የተሞረዱ ጥፍሮች፣ እነዚያ መሐረቦች፣ ያ ሳቅ ነበር። እናቷን አየቻት። ምዋንጋላ ቀጣዩን ቃል ረስታ የቺሌሼን እናት እያየች ቆማለች። ከዚያ አጨበጨበች።

«ቁም!»

ሴቶቹ ደረቁ።

«እዚህ ጋ…» ወደ ተመልካቹ ዞረች። «እዚህ ጋ ምን ተበላሸ? ማን ገብቶ ያቃናው?»

በዚያ ካምፕ ማዳም ሳይነሡ የሚነሣ የለም። ሁሉም እሳቸውን አየ። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ። ማዳም ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ብድግ ሲሉ ኢኖንጌ ቀድማቸው ሜዳው መሐል ደርሳ ነበር። መቼ እንደተነሣች ራሷም አላወቀችም።

«ጎበዝ» አሉ ማዳም ለሰው ፈገግ እያሉ። «ውሃውን ስጪኝና ሄደሽ ተቀመጪ።»

«ባዶ ነው ማዳም።»

መሬት ላይ ከተቀመጡት መሐል አንዷ ኪኪ ብላ አፏን ያዘች።

«ታዲያ ሮጥ በያ! ከላይኛው ቅጂ፣ ቅርብ ነው።»

ኢኖንጌ በጆጉ እናቷን አመለከተች። «እሷ የታችኛው ረድፍ ሴት ናት። እኔም ልጇ ሆኜ ነው የገባሁት። ከምንቀዳበት ቀድቼላት ልምጣ።»

የማዳም ፈገግታ ጉንጫቸው ላይ ቀረ። «የሳጅን ሚስት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጅሽን መልሻት።»

ምዋንጋላ በገንፎ የተለወሰ እጇን እንደዘረጋች ቆማለች። ያ ሁሉ ቀልድ ከፊቷ ጠፍቶ አመዱ ብቻ ቀርቷል። ልጇን አየች፤ ከልጇ ትከሻ በላይ ደግሞ ያቺን በባሏ ስም ያለችውን ቤት።

«የገባን ሰው አናስወጣም ማዳም» አለች። «የቴአትሩ ሕግ ነው።»

ኢኖንጌ ቁልቁለቱን ጀመረች። ከበሯቸው ጀርባ የተሰቀለው የአባቷ ዝናብ ልብስ ትዝ አላት፤ ሲመለስ እንዲያገኘው እናቷ በየጊዜው አቧራውን የምታራግፈው። ነገ ያ ልብስ የት እንደሚሰቀል አታውቅም። እግሯ ሊቆም አለና አልቆመም። ከኋላዋ የሚስቅ ሰው የለም፤ አንድ ሕፃን ብቻ ያስላል።

ቧንቧውን ስትከፍተው አጉረመረመ፣ ተፋ፣ ከዚያ ወረደ። ጠረኑ ፊቷን መታት። ዛሬ ትንፋሿን አልያዘችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ጎንበስ ብላ ጆጉን እስከ አፉ ሞላችው። መስታወቱ ውስጥ ቢጫው ውሃ ሲዋዥቅና ታች ላይ አንድ ጥቁር ነገር ሲዘቅጥ ቆማ አየችው።

ከዚያ ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጠብ እንዳይልባት እየተጠነቀቀች፣ ወደ እንግዶቹ ወንበሮች አቀናች።