ያልታየው ቋጠሮ

«ድገሚው! አልተቀረጸም!»

ቲሊላ ገና ከውሃው አልወጣችም። ከጠዋት ጀምራ ስትጠብቀው የነበረውን ማዕበል አግኝታ፣ የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳዋ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ እስከ ዳር ድረስ መጥታለች። አራት ቀን ሙሉ ስትወድቅ ከርማ ገና ዛሬ ነው የተሳካላት። ታላቅ ወንድሟ ማሲን ግን ስልኩን ወደ ራሱ አዙሮ ፀጉሩን ሲያስተካክል ነበር።

«ማዕበል እንደ ታክሲ ተሰልፎ የሚመጣ መሰለህ?» አለችው፣ አፍንጫዋ ውስጥ የገባውን ጨዋማ ውሃ እያስወጣች።

«አታካብጂ! አንዴ ብቻ።»

ከማራኬሽ ከተነሱ ጀምሮ ይቺን «አንዴ ብቻ» ስንት ጊዜ ሰማቻት! ሰርዲን ተጠብሶ ሲቀርብ አንዴ ብቻ፤ ድንኳን ሲተከል አንዴ ብቻ። ድንኳኑን የተከለችው እሷ ናት። ማሲን ለጓደኞቹ በላከው ቪዲዮ ላይ ግን «ድንኳኔን ተክዬ ጨረስኩ» ይላል። አንጀቷ አርሯል።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ አብረዋቸው ለዕረፍት ከመጡት ልጆች ጋር ባሕሩ ዳር ወዳለው ገደል ሄዱ። እዚህ አንዱ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ድንጋዩን ሲወጣ ሌላው ከታች ገመዱን ይይዛል። ማንም ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት ጥንዶቹ አንዱ የሌላውን ቋጠሮ በዓይኑ ያያል፣ በእጁም ይነካል። ይህን የዘለሉ ሁለቱም እስከ ዕረፍቱ መጨረሻ ገመድ አይነኩም። አሰልጣኝ ኢዛ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

ነገ ደግሞ የትልቁ ገደል ቀን ነው። ከስምንቱ ልጆች መካከል እሱን እንድትወጣ የተመረጠችው ቲሊላ ብቻ ናት።

የቲሊላ ጥንድ የሆነው ማሲን ገመዱን በወገቡ መታጠቂያ አሳልፎ መቋጠር ጀመረ። መሃል ላይ ስልኩ ጮኸ። «ጠብቁኝ እንጂ! አሁን ስወጣ ተቀርጬ እልክላችኋለሁ!» ብሎ ለጓደኞቹ በድምፅ መለሰ። ከዚያ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ሸሚዙን ወደ ታች ጎተተ።

«ቋጠሮህን ልየው» አለች ቲሊላ።

«ስቋጥር አይተሽኛል እኮ! አትነዝንዢኝ በናትሽ።»

ከድንጋዩ ባሻገር የአሰልጣኝ ኢዛ ድምፅ መጣ። «እናንተ ልጆች፣ ተያይታችኋል?»

ቲሊላ ስልችት አላት። ከእሱ ጋር ስትጨቃጨቅ ከምትውል፣ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ቢገላግላት ይሻላል። «ተያይተናል!» ብላ ጮኸች።

ማሲን ሲወጣ ፈጣን ነው፤ እሱን አትክድም። ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ሲደርስ ወደ ስልኩ ዞሮ ፈገግ አለ። «አሁን እጄን ለቅቄ ገመዱ ላይ ቁጭ ልል ነው!»

ነፋሱ ሸሚዙን ገለጠው። የገመዱ ጫፍ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። በመታጠቂያው ውስጥ አልፏል እንጂ ተመልሶ አልተቋጠረም። ቲሊላ ክው አለች።

«ማሲን፣ እጅህን እንዳትለቅ።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ገመዱ አልታሰረም። ድንጋዩን በሁለት እጅህ ያዝ። ቀኝ እግርህን ዝቅ አድርግ... ትንሽ ወደዚህ። እሺ። አሁን ግራህን።»

ሊመልስላት አፉን እንደከፈተ ወደ ወገቡ አየ። ከዚያ በኋላ እሷ ያለችው ቦታ ላይ ብቻ እየረገጠ መሬት ደረሰ። ቲሊላ ገመዱን በሁለት ጣቷ ሳብ ስታደርገው ከመታጠቂያው ሾልኮ እግራቸው ስር ወደቀ።

ልትጮህበት ፈለገች። ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም ሳታደርግ እንባዋ መጣ፤ ይህም አበሳጫት።

ማሲን ስልኩን አነሳ። «ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ» አላት በሹክሹክታ። «ማንም አላየም። ለአሰልጣኝ ብትነግሪ ቅጣቱ ለሁለታችንም ነው። ነገ ትልቁ ገደል አለሽ አይደል? ለራስሽ ስትይ ዝም በይ።»

እውነቱን ነው። በዚህ ሁሉ ዕረፍት አንድ ትክክለኛ ነገር የተናገረው አሁን መሆኑ ራሱ ያናድዳል። ቲሊላ ሁሉንም በእሱ ላይ ብታላክክ ደስ ይላት ነበር። ነገር ግን «ተያይተናል» ያለው የእሷ አፍ ነው፤ ማንም አላስገደዳትም።

«ቲሊላ!» አሉ አሰልጣኝ ኢዛ ከወዲያ ማዶ ብቅ ብለው። ፊታቸው ፈክቷል። «ነይ፣ የነገውን መውጫ ከዚህ ላሳይሽ።»

ማሲን ክንዷን ያዝ አደረጋት። ቀስ ብላ እጁን አስለቀቀችው፤ መታጠቂያዋንም ከወገቧ እየፈታች ወደ አሰልጣኟ ሄደች።

«አሰልጣኝ» አለች፣ መታጠቂያውን እየዘረጋችላቸው፣ «ቅድም የነገርኩዎት ውሸት ነው። ቋጠሮውን አላየሁትም።»