ድልድዩ ጋ ሦስት ጊዜ

ሲፈን መኪናው ውስጥ ለሚሰማው የዝናብ ድምፅ ከአሥር ሰባት ሰጠች። ውጭ ጠብታ የለም፤ የአዋሽ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጣል። ራሳቸውን የሚነዱት መኪኖች ጭራሽ ዝም በማለታቸው ተሳፋሪው ይታመም ጀመር፤ ስለዚህ ድምፅ አልባሽ ተገጠመላቸው፤ ዝምታቸውን ድምፅ የሚያለብስ መሣሪያ ነው። የሲፈን ሥራ እየተጓዙ ማዳመጥና ማርክ መስጠት ነው። ያልታቀደ ድምፅ ከተገኘ ዜሮ ይሰጠዋል፤ ይጠፋል። አራት ዓመት ሙሉ ዜሮዋን ያለ ርኅራኄ ስታድል ኖራለች።

ድልድዩ ሲቃረብ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ሲፈን ዜሮ ልትሰጥ ማርክ መስጫው ላይ ያሳረፈችውን ጣቷን አነሳች።

“አባቴ!”

አብረዋት ያሉት አንጋፋው መሐንዲስ ጋሽ ሽብሩ ዘወር አሉ። “ምን አልሽ?”

“አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ድልድይ ፊት ሲደርስ ዳሽቦርዱን ሦስቴ አንኳኩቶ ድልድዩን ‘አደራ’ ይለዋል። ይኼ የሱ እጅ ነው ጋሼ!”

መሣሪያው የተማረው በድሮ ሹፌሮች ጋቢና ከተቀዱ ድምፆች ነው። አባቷ መቀረጽ አይወድም ነበር፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ቤታቸው የሳሉን ድምፅ እንኳ የያዘ ቅጂ የለም። ከሹፌሮቹ ቅጂዎች ውስጥ ከተገኘ ግን የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ ማንም አያጠፋውም።

ጋሽ ሽብሩ የድምፁን ምንጭ ሲፈልጉ ብዙ ቆዩ።

“ከቅጂዎቹ አይደለም ልጄ። ከአንቺ ነው። ድልድይ በደረስን ቁጥር በሩን በጣትሽ ታንኳኪያለሽ፤ መኪናው ደግሞ ይማራል።”

“እኔ? አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም!”

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።”

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። አባቷ ለሁለተኛ ጊዜ የሞተባት መሰላት።

“ዝም ብንለውስ? ማን ያውቃል?” አሏት።

“አባቴ እኮ አደራ የሚለው ፈርቶ ነው፤ እኛን ቤት ትቶን። መኪና ማንን ትቶ ይፈራል?” አለችና ዜሮ ሰጠችው። ድምፁ ጠፋ።

ሲመለሱ ዝናቡ እንደገና ይሰማ ነበር። ድልድዩ ሲቃረብ ዳሽቦርዱ ዝም አለ። ሲፈን ጣቶቿን በሩ ላይ አስቀመጠች፤ አንዴ ስላወቀችው ግን እጇ እምቢ አላት።

ጋሽ ሽብሩ ጎንበስ ብለው ዳሽቦርዱን ሦስቴ አንኳኩ።

“አደራ” አሉ።

ሲፈን የማርክ መስጫውን አጠፋችውና ተሻገሩ።